ከዲላ ወዲህ

አባቴ ከሞተ በኋላ «አባቴ ይሙት» እያልኩ ስምል ከዲላ አዲስ አበባ ድረስ በእግሬ መጥቻለሁ። ቀብሩ አልፏል፣ ሰልስቱ ወጥቷል፣ ድንኳኑ ፈርሷል፤ እኔ ግን አስፋልቱን ይዤ እያፏጨሁ፣ ለአባቴ የምነግረውን ወሬ እየሰበሰብኩ፣ በደረስኩበት ከተማ ሁሉ በእሱ ሞት እየማልኩ ነበር። አጠገቤ የሚሄደው ጓደኛዬ ያውቅ ነበር። መንገድ ላይ አቁሞ ያቀፈኝ ሹፌር ያውቅ ነበር። ቂርቆስ ላይ ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ፣ ልጁ ብቻ ነበርኩ።

ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ድንጋጤው ግን አላለፈም። አሁንም አንዳንድ ቀን ታክሲ ስጠብቅ ድንገት ትዝ ይለኝና «እንዴት አንድ ሰው እንኳ!» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ። አጠገቤ ያለው ሰው ራቅ ይላል።

ነገሩ የተጠነሰሰው ካዛንቺስ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ዘመኑ የሰማንያዎቹ መገባደጃ ነበር። እኔና ጓደኛዬ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰን፣ ነጥባችን የትም የማያስገባ ሆኖ፣ የሰፈሩን ድንጋይ ስናሞቅ እንውላለን። ሰፈራችን ቂርቆስ ነው፤ ቤታችንና የእነሱ ሱቅ ግድግዳ ይጋራሉ። አባቱ ከስልጤ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። በዚያ ጊዜ በመንደሩ ስልክ ያለው ሐጂ ሱቅ ብቻ ስለነበረ፣ የሰርግም የሞትም ወሬ በሳሙናና በስኳር መካከል እያለፈ ነበር ወደየቤታችን የሚገባው።

አባቴ የካሚዮን ሹፌር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በተሳቢ የሞያሌን መስመር ሲመላለስበት ኖሮ፣ ዓይኑ ሲደክም መሪውን አስረከበ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፈው፣ ድሮ ረዳቱ የነበረ ሰውዬ በካዛንቺስ የከፈተው ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚያ ከተበላሸ ካሚዮን የተነቀለ የሹፌር መቀመጫ አለ። አባቴ እሱ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። የሚገባውን የሚወጣውን መኪና ድምፁን ብቻ እየሰማ «ካምቢዮው አልቋል» «ፍሬኑን እዩት» ይላል።

አንድ ቀን እኔና ጓደኛዬ እዚያ ቆመን ሳለ አባቴ «ሹፌር አገር አያይም» አለ። «አስፋልት ነው የሚያየው። አስፋልትና የፊት ለፊት መኪና። ዱብሉቅ ላይ ቦረናዎች ከጉድጓድ ውሃ ሲቀዱ ይዘፍናሉ ይባላል። ስንቴ በአጠገባቸው አለፍኩ! አንድም ቀን ሞተር አጥፍቼ አልሰማሁም።»

እኔ አንደበቴ ፈጣን ነው፤ ከእግሬ ይቀድማል። «እኛ በእግራችን ሄደን እንነግርሃለን» አልኩት። «ከየት እስከ የት?» አለ። «ከሞያሌ እስከ ዛላምበሳ። አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ። አባቴ ይሙት!»

ጋራዡ በሳቅ ተናወጠ። ጓደኛዬ እንደ ልማዱ «በአባት አይማልም» አለኝ። እሱ ሲምል ወላሂ ነው የሚለው፤ በፍጡር መማል ኃጢአት ነው ብሎ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነዘንዘኝ ኖሯል። አባቴ ግን አልተቆጣም። አባቱ የሞተበት ሰው እንደሚምለው እሱ የሚምለው «ያባቴ አጥንት ይውጋኝ» ብሎ ነበር። «ተወው፣ ይማል» አለው ጓደኛዬን። «አሁን በእኔ ሞት ይማል። በአጥንቴ የሚምልበት ተራ ደግሞ ይደርሰዋል።»

ስንነሳ ሁለት ነገር አደራ አለኝ። አንደኛው የዱብሉቁን ዘፈን ሰምቼ እንድመጣለት ነው። ሁለተኛው ከአርሲ ነገሌ ወደ ላንጋኖ ሲወርዱ ከመንገዱ ዳር ስላለ አንድ ዋርካ ነው። በወጣትነቱ የካሚዮኑ ባሌስትራ ተሰብሮበት እዚያ ዋርካ ሥር ብዙ ቀን ቆሟል። ከዋርካው በስተጀርባ ባለው ቤት የሚኖሩ ሰዎች በየጠዋቱ ወተት እያመጡ አጥግበውታል። «ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እቸኩላለሁ» አለኝ። «ጥሩምባ ነፍቼ ነው የማልፈው። ዋርካው ካለ፣ ሰዎቹም ካሉ፣ አባቴ ሰላም ብሏችኋል በልልኝ።»

ሞያሌ ድረስ በአውቶቡስ ወረድን፤ ከዚያ ኬላውን ከኋላችን ትተን ወደ ሰሜን በእግራችን ዞርን። አገርን በእግር ሲያቋርጡ ቀላሉ ነገር መሄዱ ነው። ከባዱ ለሰው ማስረዳቱ ነው። «ስለት ነው?» ይሉናል። «ቁልቢ ነው የምትሄዱት?» ይሉናል። መኪና ያቆሙና «ምን ሆናችሁ ነው?» ይላሉ። ሜጋ ላይ አንድ ፖሊስ መታወቂያችንን ሲያገላብጥ ቆይቶ «ማን ነው የላካችሁ?» አለን። ማንም፣ አልኩት። «ታዲያ ማንም ሳይልካችሁ ለምን ትሄዳላችሁ?» ሲል ጓደኛዬ ወደ እኔ እየጠቆመ «እኔም እኮ ከሞያሌ ጀምሮ ይህንኑ ነው የምጠይቀው» አለው። ፖሊሱ ስቆ ለቀቀን።

ዱብሉቅ ስንደርስ እውነት ሆኖ አገኘነው። ጉድጓዱ ውስጥ ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ውሃውን በእቃ እየተቀባበሉ ያወጣሉ፤ ከታች ያለው ያወጣዋል፣ ከላይ ያሉት ይቀበሉታል፣ ውሃውንም ዜማውንም። እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጓደኛዬ ጆሮው ስል ስለሆነ ዜማውን ያዘው። ከዚያ በኋላ መንገድ ለመንገድ እሱ ያወጣል፣ እኔ እቀበላለሁ። ያቤሎን፣ ሀገረ ማርያምን፣ ይርጋ ጨፌን እንዲህ እየጮህን አለፍን። አባቴ ፊት ጋራዡ መሐል ቆመን ስንዘፍን፣ እሱ በዚያ መቀመጫው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማ ይታየኝ ነበር።

ዲላ ስንገባ እግሬ ውሃ ቋጥሮ መርገጥ አቃተኝ። እኔ አልጋ ላይ ተጋድሜ ቀረሁ፤ ጓደኛዬ ለሰፈር ሊደውል ወጣ። ቆየ። ሲመለስ ሰላም ሳይለኝ አልጋው ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። የጫማውን ክር ፈታ፤ ከዚያ መልሶ አሰረው።

«እንዴት ናቸው?» አልኩት።

«ደህና ናቸው።»

«አባቴስ? ስለ ዘፈኑ ነገርከው?»

«አላገኘኋቸውም» አለ። «ማለቴ... ሱቅ አልመጡም።»

አንድም ነገር አልጠረጠርኩም። በኋላ እንደሰማሁት ስልኩን ያነሱት ሐጂ ናቸው። «የጓደኛህ አባት አርፈዋል» አሉት። «ትናንት ቂርቆስ ቀበርናቸው። እንዳትነግረው። ዘመድ በሌለበት፣ በሰው አገር፣ መንገድ ላይ ሰው አይረዳም። ምንም ሳታስመስል ይዘኸው ና። እዚህ እኛ እናረዳዋለን።» ይኸው ነው። ልማዳችን ነው። ሞት ለባለቤቱ በዘፈቀደ አይነገርም፤ በሽማግሌ፣ በማለዳ፣ ደጋፊ በግራና በቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው። እስከዚያ አገር ያውቃል፣ አንተ ትስቃለህ።

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዬ እያነከሰ ተነሳ። «እግሬን አሞኛል፤ በአውቶቡስ እንግባና ሌላ ጊዜ ከዚሁ ከዲላ እንቀጥላለን» አለኝ። እኔ በተላጠው እግሬ ቆሜ ሳቅሁበት። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ የሚያነክሰው በሌላኛው እግሩ ሆነ። «ጠዋት ግራው ነበር እኮ!» አልኩት። «ዲላ ላይ ቆንጆ አይተህ ልብህ ነው እንጂ ያነከሰው፣ እግርህስ ደህና ነው።»

«ስማኝ» አለ፤ «በቃ በመኪና እንግባ። ስለ አላህ ብለህ።»

ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። ሙሉውን በእግር ብለን ቃል ገብተናል። ጋራዡ ሁሉ ይስቅብናል። መንገዱ መሐል ቆሜ እጄን ወደ ሰማይ አንስቼ «አባቴ ይሙት፣ የቂርቆስን አፈር ሳልረግጥ መኪና አልሳፈርም!» ብዬ ጮህኩ።

ጓደኛዬ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ያዘ። «አትማል!» አለ። «በቃ! በእናትህ፣ ሁለተኛ እንዳትምል!»

ራሱ በእናቴ ሲለምነኝ እንኳ አልነቃሁም። «ዲላ ገብተህ ሼህ ሆነህ ወጣህ እንዴ?» አልኩት። እሱ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ራሱን ጉልበቱ መሐል ቀበረ። ከዚያ ተነሳ፣ ሻንጣዬን ከትከሻዬ ላይ ነጠቀኝና ፊት ፊት መሄድ ጀመረ። ከዚያ ሰዓት በኋላ አላነከሰም። አልዘፈነምም። እኔ እያወጣሁ ብጠብቀው የሚቀበለኝ አጣሁ።

አሁን ሳስበው ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ተዘርግቶ ነበር። ዳቦ ስንቆርስ ትልቁን ለእኔ ያደርጋል። ልደውል ስል «እኔ ደውያለሁ» ይላል። ሌላ ጊዜ እንደ ልጅ ተጣልተን የምንከራከርበትን ነገር ሁሉ «እሺ» ይላል። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሺታው ተመችቶኝ ነበር።

አዋሳን ካለፍን በኋላ አንድ ተሳቢ እየተንሲያጠጠ አጠገባችን ቆመ። ሹፌሩ የአባቴ የድሮ ባልደረባ ነበር፤ ቤታችን እየመጣ በልቷል፣ ጠጥቷል። ሰውዬው ከጋቢናው ወርዶ አቀፈኝ። አልለቅህ አለኝ። ትከሻዬ ላይ ሲተነፍስ ይሰማኛል። «ለአባቴ ብለህ ነው የምትወደኝ» ብዬ ቀለድኩ። «ግቡ ልጆቼ፣ ማታውኑ አዲስ አበባ ላድርሳችሁ» አለን። ጓደኛዬ እግሩን የጋቢናው መወጣጫ ላይ አደረገ።

«አባቴ ይሙት አልሳፈርም!» አልኩ እየሳቅሁ።

ሹፌሩ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ጓደኛዬን አየው። ጓደኛዬ «አልሰማም» በሚል ራሱን ነቀነቀ። ሹፌሩ ከጋቢናው አንድ ፌስታል ብርቱካን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ፤ «ለመንገድ» አለ፤ ፊቱን አዙሮ ሄደ። እኔ ብርቱካኑን እየላጥኩ «ደግ ሰው ነው» አልኩ።

ዋርካው ነበር። አባቴ እንዳለው፣ ከአርሲ ነገሌ ወዲህ ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ። ከበስተጀርባው ያለው ቤት በሣር ፈንታ ቆርቆሮ ለብሷል። ወጥተው የተቀበሉን አንዲት አሮጊት ናቸው። አማርኛ አይሰሙም። ጓደኛዬ ግን እናቱ የመቂ ልጅ ስለሆነች ኦሮምኛ ይችላል።

«ንገራቸው» አልኩት፤ ደስታ ሊገድለኝ ነበር። «ባሌስትራ የተሰበረበት ሹፌር ልጅ ነኝ በላቸው። ወተት ያጠጣችሁት። አባቴ ሰላም ብሏችኋል በላቸው።»

ጓደኛዬ መናገር ጀመረ፤ እኔ ከነገርኩት በላይ ረዘመ። ሴትዮዋ መጀመሪያ እጃቸውን አጨበጨቡ፤ አስታወሱ። ቀጥሎ ፊታቸው ወደ እኔ ዞረ። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው መጡና መዳፋቸውን አናቴ ላይ ጫኑ፤ አንድ ነገር እያሉ እፍ እፍ አሉብኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አቀረርኩ። ገብተው በቅል ቅቤ አወጡና ለጓደኛዬ ሰጡት።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ሳልሞት ይምጣ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «በለው፣ ሳልሞት ይምጣና ልየው።»

ከዚያ እስከ አዲስ አበባ የሄድኩት እየሮጥኩ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ የበለጠ ወሬ ለአባት የወሰደ ልጅ አልነበረም። ዝዋይን፣ ሞጆን፣ ደብረ ዘይትን የመንገድ ምልክት እንጂ ከተማ ብዬ አላየኋቸውም። ጓደኛዬ ቅሉን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከኋላዬ ይመጣል።

አቃቂ ስንደርስ ገና ፀሐይ አልገባችም፤ ቤታችን መግባት እንችል ነበር። «እዚህ አድረን፣ ታጥበን፣ ነገ በማለዳ እንገባለን» አለ። «ቆሽሸን አንገባም።» በዚህ እንኳ ተስማማሁ። በማግስቱ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ቃሊቲንና ሳሪስን አልፈን፣ ዛሬ ማሳለጫው የተሠራበት ጎተራ ጋ ስንደርስ፣ ከመንገዱ ማዶ ሰዎች ተሰብስበው አየሁ። የእድራችን ዳኛ። ሐጂ። የጋራዡ ባለቤት። አጎቴ፣ ከእናቴ በኩል። ሁሉም ጋቢ ለብሰው ቆመዋል።

ልቤ በደስታ ዘለለ። ለእኛ መስሎኝ! በእግሩ አገር ላቋረጠ ጀግና አቀባበል ሊያደርጉ የመጡ መስሎኝ! ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ «ደረስን!» ብዬ እየጮህኩ መንገዱን ተሻገርኩ። ጓደኛዬ ከኋላዬ «ቆይ፣ ቆየኝ» ይላል። አንድ በአንድ ሳሙኝ። ማንም አልሳቀም። «አባቴ የታለ?» አልኩ። «ና፣ መጀመሪያ ሐጂ ቤት ቁርስ ተዘጋጅቷል» አሉኝ። አባቴ በማለዳ መነሳት ስለማይወድ ቤት የሚጠብቀኝ መሰለኝ።

ይህን ነው እስከ ዛሬ ይቅር ማለት ያቃተኝ። መጀመሪያ አበሉኝ። ሰው በባዶ ሆዱ አይረዳም፤ ይህም ልማድ ነው። ሐጂ ከሱቃቸው ጀርባ ባለው ክፍል አስቀምጠውኝ ፍርፍር በእርጎ ቀረበልኝ፣ ሻይ ቀረበልኝ፤ እኔም ርቦኝ ነበርና ጠረግኩት። እየጎረስኩ እለፈልፋለሁ። የፖሊሱን አወራሁ። የዱብሉቁን ዜማ እንኳ አፌ ሞልቶ አንጎራጎርኩላቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ብላ ልጄ፣ ብላ» ይሉኛል። ሁለት ሰዎች ተነስተው አንዱ በግራዬ፣ አንዱ በቀኜ ሲቀመጡ ለወሬዬ ቀረብ ያሉ መሰለኝ።

የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ» አሉ፣ «ወንድ ነህ። ጠንከር ማለት አለብህ። አባትህ አርፈዋል።»

«የማን አባት?» አልኩ። በእርግጥ እንዲህ ነው ያልኩት።

«ያንተ ነዋ ልጄ።»

«አይደለም» አልኩ። «እሱ ደህና ነው። ደህና ነው ተብያለሁ።» ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። በሩ ላይ ቆሟል፤ ቅሉን እንደታቀፈ ነው። እንባው በጉንጩ ላይ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። «መቼ?» ስል አጎቴ ነገረኝ። ወደ ኋላ አሰብኩ፤ በየት በየት እንደነበርን መለስኩ። ይርጋ ጨፌን እየዘፈንን ስናልፍ ነው የሞተው። ዲላ፣ ያ ስልክ፣ የጫማው ክር።

«ከዲላ ወዲህ?» አልኩት። «ከዲላ ወዲህ ታውቃለህ?»

ራሱን ነቀነቀ። እላዩ ላይ ልወረወር ስል በግራና በቀኝ ያሉት ያዙኝ፤ ለዚሁ ነበር የተቀመጡት። ከዚያ የጮህኩት ጩኸት የሰው አይመስለኝም ነበር። የበላሁት ሁሉ ወጣ። ደግፈው ወደ ቤቴ ሲወስዱኝ ግቢያችን ውስጥ ለቅሶው እንደ አዲስ ፈነዳ፤ ጥቁር የለበሰች እናቴ እጇን ዘርግታ ወጣች፤ የመንደሩ ሴት ሁሉ አብሯት ጮኸ። ለሁሉም አሮጌ ሐዘን ነበር። ለእኔ ብቻ ነው ትኩስ የነበረው፤ ይህም ራሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጓደኛዬ በየቀኑ ይመጣል። ሲገባ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ቅቤውን በቀጥታ ለእናቴ ሲሰጥ አየሁት፤ «እሱ የአባቴ ነበር!» ብዬ ልጮህ ፈልጌ ተውኩት። አንድ ቀን እናቴ «እኔ ነኝ አትንገሩት ያልኩት» አለችኝ። «ሰው አገር ላይ ሰምተህ ብትወድቅ ማን ያነሳህ ነበር?»

«እሱ!» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። እናቴ አየት አደረገችኝ።

የአባቴ አርባ ከወጣ በኋላ ብቻዬን ካዛንቺስ ሄድኩ። ያ ጋራዥ ዛሬ የለም፤ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ሕንጻ ቆሟል። ያን ቀን ግን ሁሉም እንደነበረ ነበር፤ ያ መቀመጫ ጭምር። ማንም አልተቀመጠበትም፤ ማንም አላነሳውም። ሄጄ ተቀመጥኩበት። መካኒኮቹ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ትንሽ ቆይቶ ጓደኛዬ ገባ። እናቴ ልካው ይሆናል፣ አልጠየቅሁትም። አንድ የተጣለ ጎማ ጎትቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠበት። ፊቴን የማዞርበት ግድግዳ አልነበረም።

ከዚያ «ዱብሉቅ ላይ ይዘፍናሉ?» አለኝ።

ደነገጥኩ። ጥያቄው የአባቴ ነው።

«ይዘፍናሉ» አልኩ።

«ዋርካው አለ?»

«አለ።»

«ሰዎቹስ?»

«ሴትዮዋ አሉ። ሳልሞት ይምጣና ልየው ብለዋል።»

«እንደዚያ አላሉም» አለኝ።

ቀና አልኩ።

«ሰላም ብለዋችኋል ማለት አቃተኝ» አለ። «አሮጊት ናቸው፤ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እውነቱን ነገርኳቸው። ሹፌሩ ሞተዋል፣ ይህ ልጃቸው ነው፣ አያውቅም፣ እኔም መንገር አልችልም፣ መኪና አልሳፈርም ብሎ በአባቱ ምሏል አልኳቸው። እሳቸው ናቸው ዝም በል ያሉኝ። ቤቱ ይድረስ፣ እናቱ ደረት ላይ ያልቅስ አሉ። አናትህን ይዘው ሲያጽናኑህ ነበር። ቅቤውም ለእናትህ ነው፤ ሐዘን ቤት ባዶ እጅ አይገባም አሉ።»

የዚያች ሴት መዳፍ አናቴ ላይ እንደገና ተሰማኝ። አንድ የማላውቃት አሮጊት፣ በማላውቀው ቋንቋ፣ ከእናቴ ቀድማ አልቅሳልኛለች። እኔ በደስታ ነው ብዬ አብሬያት እንባ አቅርሬያለሁ።

«ውሸትህን ነው!» ብዬ ከመቀመጫው ተነሳሁ። «እንደዚህማ አላደረግክም! አባቴ ይ...»

ቃሉ መሐል ላይ ተቆረጠ። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ከመኪና ሥር የተጋደመው መካኒክ መዶሻውን አቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ ያለ ሐሳብ ከአፌ ሲወጣ የነበረ ነገር ነው፤ የሚወጣበት ቦታ አልነበረውም። ሐጂ ቤት አልገባኝም ነበር፣ ለቅሶው መሐልም አልገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ። ያ መቀመጫ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ወላሂ» አለ ጓደኛዬ ቀስ ብሎ። «ወላሂ እውነቴን ነው።»

አመንኩት። ከዲላ ጀምሮ ብቻውን ተሸክሞት የመጣው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ከሁለታችን ሻንጣ ይከብዳል። እንባዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። ቀሪው መንገድ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ዛላምበሳ፣ ገና ይጠብቀን ነበር፤ አሁን ግን ወሬውን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

«ያለ አንተ ዛላምበሳን ባይ» አልኩት፣ «ያባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ።»

ጓደኛዬ ጎማው ላይ ተቀምጦ አየኝ። ያን ቀን «በአባት አይማልም» አላለኝም።